መልክአ እንየው

ፀጉር ቆራጭ ነኝ እኔ፣ ፍኖተ ሰላም፤
ከመናኸሪያው ማዶ፣ ከበርበሬው ተራ
አንድ ወንበር ይዤ፣ አንድ መስታወት ሰቅዬ
ሃያ ዓመት ስሠራ
ያን የመሰለ ፊት አልዳሰስኩም። የለም።

እንየው ነው ስሙ።
ዲማ ቅኔ ቆጥሮ፣ ዘረፋ ሊጀምር፣ ውሃ ሊቀዳ ወርዶ
ፊቱን ምንጩ ላይ አየ፤
ቅሉን እዚያው ጥሎ፣ መምህሩን ሳይሰናበት ኮብልሎ መጣ፤
ቀልቡ ግን ምንጩ ላይ እንዳጎነበሰ ቆየ።

የጻድቃንን መልክእ ሲደግም ያደገ አፍ
ለራሱ መልክእ ደረሰ፤
«ሰላም ለፀጉርህ» ብሎ ጀምሮ
ቅንድቡን፣ ጥርሱን፣ አንገቱን በተራ እያወደሰ።
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እኔ አረፋ ስቀባው፣
ከደብተሩ ያነብልኛል።
«ልብህንስ? ኩላሊትህን? መልክእ እኮ አይዘልም» ስለው
«እሱን ማን ያየዋል?» ይለኛል።

ሰውነሽ ባጃጅ ትነዳለች።
ዓመት ሙሉ ያለ ሒሳብ አመላለሰችው፤
በጎን መስታወቷ እሷ ፊቱን ታያለች፣
በዚያው መስታወት እሱም ፊቱን ያያል፤
ከተማው ይህን አይቶ «ተዋደዱ» ይላል።

ከዚያ ትርንጎ መጣች፣ ከቡሬ ባንክ ተዛውራ፤
ብሩን ስትቆጥርለት ቀና ብላ እንኳ አላየችው።
ያላየችው እሷ ብቻ ናትና
ለእሷ ሞተ። ያየችውን ረሳት።

ሰውነሽ አላለቀሰች።
«ግባ፣ ለመጨረሻ ልሸኝህ» አለችው።
ላህ ድልድይ ሲደርሱ
በጎን መስታወቱ ዓይን ለዓይን ገጠሙ፤
መሪውን ለቀቀችው።

እሷ እዚያው ቀረች። እሱን ጎትተው አወጡት፤
ግማሽ ፊቱን ግን ወንዙ አልመለሰም።

በስድስተኛው ወር፣ መብራት በጠፋ ሌሊት፣
ጋቢ ተከናንቦ መጣ። «ላጨኝ» አለኝ።
ሻማ ለኮስኩ፣ ጋቢውን ገለጥኩ፣ እጄ ራደ።
ቀና ስል፣ መስታወቴ ውስጥ
ያ የድሮው እንየው ተቀምጧል፣ ሙሉ ፊቱን ይዞ፤
ይኸኛው ሲያለቅስ ያኛው ይስቃል።
ተነሣ። ኮሌታውን አቃና።
በመስታወቱ ውስጥ ባለው በር ወጥቶ ሄደ።

በማግስቱ ትርንጎ ባንክ ቤት ስትስቅ ሰማኋት፦
«እንየው ዳነ! መልኩ ያው ነው፣
ብቻ እጁ ይቀዘቅዛል፤
ማርያም የሳመችው ከግራ ጉንጩ ወደ ቀኝ ዞሯል፤
ደረቱ ላይ ጆሮዬን ባስጠጋ
በግራም ዝም፣ በቀኝም ዝም ይላል።»
እያየችው ነበር አሁን። ማየት ጀምራ ነበር።

ጥር ገባ። ድንኳን ተጣለ።
ባለጋቢው በጓሮ በር አንኳኳ።
«ማነው?»
«እንየው።»
«ምኑን ነው የምናየው?» አለች ሙሽራዋ ከውስጥ፣
ሚዜዎቿ ሳቁ፤
ስሙም ከዳው እንግዲህ፣ እንደ መልኩ ሁሉ።

ከላህ ያመጣውን ድንጋይ ይዞ እኔ ዘንድ ገባ።
«ተው፣ እንጀራዬ ነው» አልኩት።
ሰበረው።

ድንኳኑ ውስጥ፣ ዳቦው ሊቆረስ ሲል፣
በሙሽራው ፈገግታ ላይ ስንጥቅ ወረደ አሉ።
ሮጬ ስደርስ ትርንጎ ቆማለች
ቀሚሷን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ስብርባሪ ሞልታ፤
በየስባሪው አንድ ዓይን
ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ራሱን ፍለጋ።

አሁን ያለ መስታወት ነው የምሠራው።
«አማረብኝ?» የሚል ደንበኛ ግድግዳውን ያያል።
ቅዳሜ ማታ፣ ገበያው ሲበተን፣ አንድ ባለጋቢ ይመጣል፤
በዳሰሳ እላጨዋለሁ፣
ጠባሳው ጋ ስደርስ ምላጩን አቀልላለሁ።
ደብተሩን አውጥቶ ዘልሎት ያለፈው ገጽ ላይ
«ሰላም ለልብ...» ብሎ ይጀምርና
በውጭ ባጃጅ ታልፋለች፣ ጡሩምባዋን ነፍታ፤
እስክሪብቶው ይቆማል፣
እጁ ወደ ጉንጩ ይሄዳል፣ ያልተመለሰው ጋ።